አንድ መኖ የበሉ ዶሮዎች ለምን እኩል አያድጉም?

በጅማ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ በሰቃ፣ በማናና በቀርሳ የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው ወጪውን ወረቀት ላይ ቢያሰፍር ከመቶው ብር ከስልሳ እስከ ሰባው ለመኖ የወጣ ሆኖ ያገኘዋል። ጫጩቱ፣ ክትባቱ፣ ከሰሉ፣ ሰጋቱራውና የሠራተኛው ደመወዝ የተረፈውን ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ዶሮው ስንት ኪሎ መዘነ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ያንን ኪሎ ለማምጣት ስንት ኪሎ መኖ በላ የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

መልሱ የሚገኘው በቀላል ማካፈል ነው። የተበላው መኖ ለተጨመረው ክብደት ይካፈላል፤ ውጤቱም የመኖ ልወጣ መጠን ይባላል። ባለሙያዎች ኤፍሲአር ሲሉት የሚሰማው ይኸው ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የተሻለ ነው። መቶ ዶሮዎችን እያንዳንዳቸውን ሁለት ኪሎ ለማድረስ ልወጣው 1.6 ከሆነ 320 ኪሎ መኖ ይበቃል፤ 2.2 ከሆነ ግን 440 ኪሎ ያስፈልጋል። ልዩነቱ አንድ ኩንታል ከሃያ ኪሎ ነው። የተሟላ መኖ ከአዲስ አበባ አካባቢ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ለሚመጣበት አርቢ ይህ ልዩነት ከትርፍ ወደ ኪሳራ ሊያሻግረው ይችላል።

ታዲያ ይህን ልዩነት የሚያመጣው መኖው ነው ወይስ ዘሩ? በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚለዩበት መንገድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 የነበረውን የሥጋ ዶሮ የሚወክል፣ ከዚያ ወዲህ ምርጫ ያልተካሄደበት መንጋ ተጠብቆ ቆይቶ ነበር። ይህን መንጋ እ.ኤ.አ. በ2001 ገበያ ላይ ከነበረው ሮስ 308 ከተባለው ዘር ጎን ለጎን አሳደጉት። ከሁለቱም ዘሮች ግማሹን በ1957ቱ የመኖ አዘገጃጀት፣ ግማሹን በ2001ዱ መገቡ። በ2003 የታተመው ውጤት አስደናቂ ነው። አዲሱ ዘር በአዲሱ መኖ 1,815 ግራም የሚደርሰው በ32 ቀን ሲሆን ልወጣው 1.47 ነው። የድሮው ዘር በድሮው መኖ እዚያው ክብደት ላይ ለመድረስ 101 ቀን ይፈጅበታል፤ ልወጣውም 4.42 ነው። አንዱ 2.7 ኪሎ ያህል በልቶ የደረሰበትን ክብደት ሌላው የሚደርስበት 8 ኪሎ በልቶ ነው። በእድገቱ ላይ ከታየው ለውጥ ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ከዘር ምርጫ የመጣ ነው፤ የመኖው መሻሻል ያመጣው የቀረውን ብቻ ነው።

የሥጋ ዶሮ ሆርሞን እየተወጋ ነው የሚያድገው የሚለው ወሬ በገበያም በየምግብ ቤቱም ይሰማል። ስህተት ነው። ከላይ ያለው ሙከራ እንደሚያሳየው ፍጥነቱ በዶሮው ደም ውስጥ ያለ፣ ከወላጆቹ የወረሰው ነው። ይህን ወሬ ሰምተው የሚፈሩ ደንበኞች ያሉት አርቢ እውነቱን በልበ ሙሉነት ሊነግራቸው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ዘር መኖ የሚቆጥበው በምን በኩል ነው? ብዙ ሰው መልሱ ሆድ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ጥሩ ዘር የሚባለው መኖውን በደንብ የሚፈጨው ነው ብሎ ያስባል። የመፍጨት ችሎታ ድርሻ አለው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የእሱ አይደለም። ትልቁን ድርሻ የያዘው ጊዜ ነው።

ዶሮ የበላው መኖ ሁሉ ሥጋ አይሆንም። ልቡ ለመምታት፣ ሳንባው ለመተንፈስ፣ ሰውነቱ ሙቀቱን ለመጠበቅና ያረጁ ሕዋሳትን ለመተካት በየቀኑ ጉልበት ይፈልጋል። ዶሮው በዚያ ቀን አንድ ግራም ባይጨምር እንኳ ይህ ወጪ አይቀርም። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንቡ ቢሠራም ባይሠራም ለጥበቃው የቀን ሒሳብ እንደሚከፍል ማለት ነው፤ ሥራውን በአንድ ወር የጨረሰው የሚከፍለው የአንድ ወር ብቻ ነው፣ ሦስት ወር የጎተተው የሦስት ወር ይከፍላል። በ32 ቀን የሚደርሰው ዶሮ 69 የጥበቃ ቀናት ተቀንሰውለታል። በእነዚያ አርባ አራት ዓመታት የተገኘው የመኖ ቁጠባ በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሚጨመረው ክብደት ዓይነት ነው። ቀይ ሥጋም ሆነ የደረት ነጭ ሥጋ ከአራት እጁ ሦስቱ ገደማ ውኃ ነው። ስብ ግን ውኃው ጥቂት፣ ጉልበቱ የታመቀ ነው። አንድ ግራም ስብ ለማከማቸት የሚወጣው መኖ አንድ ግራም ሥጋ ለመሥራት ከሚወጣው በብዙ ይበልጣል። በሆዱ ውስጥ ብዙ ጮማ የሚያከማች ዶሮ ሚዛን ላይ ከሌላው ጋር እኩል ቢመዝንም ብዙ መኖ አጥፍቷል፤ ያ ጮማ ደግሞ ሲታረድ ይጣላል። አራቢዎች ለመኖ ቆጣቢነት ሲመርጡ ሳይታወቃቸው ጮማ የማያበዛውን ዶሮ እየመረጡ መጥተዋል።

ሦስተኛው የምግብ ፍላጎት ነው። አንጀት ምግብ ሲገባበት ለአንጎል በቃኝ የሚል መልእክት የሚልክበት ሆርሞን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በዶሮ 4ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የዚህ መልእክት ተቀባይ ዘረ መል በፈጣን አዳጊ ዶሮዎች ላይ ሥራውን ቀንሷል። መልእክቱ ይላካል፤ ሰሚው ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ዶሮው ቶሎ አይጠግብም፣ ብዙ ይበላል፣ ይፈጥናል። ብዙ መብላትና መኖ ቆጣቢነት የሚጋጩ ቢመስሉም በሥጋ ዶሮ ላይ አብረው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ብዙ በልቶ የሚፈጥነው በቀን የሚበላው ይጨምራል፤ እስኪሸጥ ድረስ የሚበላው ድምር ግን ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ረቂቅ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከምግብ ጉልበት የሚያመነጭ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ክፍል አለ። በአንድ ቤት፣ ከአንድ ዘር የተፈለፈሉ፣ አንድ መኖ የበሉ ዶሮዎች ተነጻጽረው ሲታዩ፣ መኖ በሚያባክኑት ላይ ማይቶኮንድሪያው ጉልበቱን በማፍሰስ ጉዳት የሚያደርሱ ቅንጣቶችን ያበዛል። ሰውነቱም ያንን ጉዳት ለመጠገን ተጨማሪ መኖ ያወጣል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ዶሮዎች አይለዩም።

ይህን የማይታይ ልዩነት ለመያዝ የመኖ ልወጣ መጠን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም ልወጣው ሁለት ነገሮችን በአንድ ቁጥር ያደባልቃል፤ ዶሮው ስለፈጠነ ብቻ ቁጥሩ ሊያምር ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ትርፍ ፍጆታ ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1963 ለከብት የታሰበ ሲሆን በኋላ ወደ ዶሮ መጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የዶሮው ክብደትና የእድገቱ ፍጥነት ታይቶ ይህን ያህል መብላት ነበረበት ተብሎ ይሰላል፤ ከዚያ በእርግጥ ከበላው ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ዶሮዎች እኩል መዝነው፣ እኩል አድገው፣ ሁለቱም 3.2 ኪሎ ይበላሉ ተብሎ ተሰልቶ አንዱ 3.1፣ ሌላው 3.3 ቢበላ፣ የፊተኛው ትርፍ ፍጆታ ከዜሮ በታች፣ የኋለኛው ከዜሮ በላይ ይሆናል። ለወላጅነት የሚፈለገው ከዜሮ በታች ያለው ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዘረ መል የሚወሰን አይደለም። የዶሮ ዘር ማንዋል የተጻፈው በ39 ጥንድ ክሮሞዞሞች ላይ ሲሆን አንድ ቢሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። ሙሉ ንባቡ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የመኖ ቆጣቢነት ምክንያት በዚህ ንባብ ውስጥ በመቶና በሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች ተበትኖ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ተአምረኛ የመኖ ዘረ መል ተገኘ የሚል ዜና ያነበበ ሰው ቢጠራጠር አይሳሳትም።

በዘር የሚተላለፈው ድርሻ ስንት ነው? በሥጋ ዶሮዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለመኖ ልወጣም ሆነ ለትርፍ ፍጆታ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ያለ ቁጥር ይሰጣሉ። ይህ ቁጥር ስለ አንድ ዶሮ አይናገርም። በአንድ መንጋ ውስጥ ካለው ልዩነት ከመቶ ሃያ እስከ ሃምሳው ከዘር የመጣ ነው ማለት ነው። የቀረው የሙቀት፣ የመኖ፣ የበሽታና የዕድል ነው። ለአራቢው ያለው ትርጉም በምሳሌ ይታያል። የመንጋው አማካይ ልወጣ 1.70 ቢሆንና ለወላጅነት የተመረጡት አማካይ 1.60 ቢሆን፣ የዘር ድርሻው 0.3 ከሆነ ልጆቹ 1.60 አይሆኑም፤ ከልዩነቱ ሦስት አሥረኛውን ብቻ ወርሰው 1.67 ይሆናሉ። ጥቂት ይመስላል። ግን በየትውልዱ ይደገማል፤ የዶሮ ትውልድ ደግሞ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ጊዜ ሲጠራቀም ከ4.42 ወደ 1.47 በአብዛኛው የሚያወርደው ይኸው ነው።

ምርጫው የሚካሄደው ከእኛ ርቆ ነው። በዓለም ላይ የሥጋ ዶሮን ዘር የያዙት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። ሮስን የያዘው አቪያጀንና ኮብ 500ን የያዘው ኮብ ቫንትረስ ቀዳሚዎቹ ናቸው። የዘሩ መነሻ ኮርኒሽና ነጭ ፕሊማውዝ ሮክ የተባሉት ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ በመንጋው ውስጥ እያንዳንዱ ዶሮ መለያ ተደርጎለት የሚበላው በየንክሻው በኮምፒውተር ይመዘገባል። ከዚያ ላይ ደሙ ተወስዶ በሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ነጥቦቹ ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በቀረበው የስሌት ዘዴ መሠረት ከነጥቦቹ ተነሥቶ ገና ያልተመዘነ ጫጩት እንኳ ምን ዓይነት ወላጅ እንደሚሆን ይገመታል።

የተመረጡት ምርጥ ዶሮዎች ግን ቀጥታ ወደ አርቢው አይመጡም። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ ቅድመ አያቶች፣ ከዚያ አያቶች፣ ከዚያ ወላጆች ሆነው ይበዛሉ፤ የተለያዩ መስመሮችም፣ ማለትም ለየብቻ የተመረጡ የዘር ሐረጎች፣ እርስ በርስ ይዳቀላሉ። አንድ ዓመት ላይ የተገኘ መሻሻል ገበያ ላይ ባለው ጫጩት ውስጥ ለመታየት አራት ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በጅማ ገበያ በካርቶን ሆኖ የሚወርደው የአንድ ቀን ጫጩት የዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ነው። ከሱ በኋላ ሰንሰለቱ ይቆማል። አንዳንድ አርቢዎች ከሥጋ ዶሮዎቹ መካከል ያማሩትን አስቀርተው እንቁላላቸውን አስፈልፍለው ዘር ለመተካት ይሞክራሉ። ልፋታቸውን ሳያከብር የሚያልፍ ሰው የለም፤ ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ከአራት መስመር ተዳቅሎ የመጣ ዶሮ ሲራባ ዘረ መሎቹ ይበታተናሉ፤ ከጫጩቶቹ አንዱ አያቱን፣ ሌላው ሌላውን አያቱን ይመስላል። መንጋው አንድ ወጥነቱን ያጣል፣ የሚሸጥበት ቀንም አንድ መሆኑ ይቀራል።

ፍጥነት ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ሥጋው ከአጥንቱና ከልቡ ቀድሞ ያድጋል። እግራቸው የሚጣመም፣ ልባቸው በድንገት የሚቆም ዶሮዎች አሉ። የበቃኝ ስሜታቸው የደከመው እናቶችና አባቶች ደግሞ እንደፈለጉ ቢበሉ በውፍረት እንቁላል መጣላቸው ስለሚበላሽ መኖ ይመጠንላቸዋል፤ በተለይ እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ባለው የእድገት ጊዜያቸው ይራባሉ። በኔ እምነት ይህ የዘመናዊው የዶሮ ዘር ትልቁ የሕሊና ጥያቄ ነው። ኩባንያዎቹ ዛሬ የእግር ጤንነትንና የልብን ብርታት ከመኖ ቆጣቢነት ጋር በአንድ ሚዛን አስገብተው ይመርጣሉ፤ የደም ኦክስጅንን የሚለካ መሣሪያ በጫጩት ላይ እስከ መጠቀም ደርሰዋል። የእናቶቹ ረሃብ ግን አልተፈታም።

የልቡ ነገር ለጅማ የቅርብ ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ትገኛለች። ቦታው ከፍ ባለ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በፍጥነት የሚያድግ ሥጋ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል። ልብ ሳንባን ለማዳረስ ሲጨናነቅ በሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል፤ ዶሮው ሆዱ ተነፍቶ፣ ኩክኒው ጠቁሮ ይሞታል። እንደ ዴዶ ባሉት ደጋማ አካባቢዎች ችግሩ ይብሳል። ሌሊት ላይ ብርዱን ፈርቶ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ በከሰል የሚያሞቅ አርቢ ደግሞ ያለችውን ኦክስጅን ለከሰሉ ይሰጣታል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ግን ሙቀቱ የሚሰጠው ከላይ አየር የሚያስወጣ ክፍተት ሳይደፈን ነው።

እዚህ ላይ ነው ዘርና አያያዝ የሚገናኙት። 1.5 ወይም 1.6 የሚለው ቁጥር ዶሮው ላይ የታተመ አይደለም፤ ዘሩ የሚችለው ጣሪያ ነው። ጀማሪ ጫጩት 22 ወይም 23 ከመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል፤ በቆሎ ያለው ስምንትና ዘጠኝ ከመቶ ብቻ ነው። በቆሎ በስንዴ ፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ብቻ ተቀላቅሎ ሲሰጠው ፈጣኑ ዘር ለሥጋው የሚያስፈልገውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል አያገኝም። ስለዚህ የጎደለውን ለማካካስ ብዙ ይበላል፤ የተረፈውን ጉልበት ጮማ ያደርገዋል። በአካባቢያችን የሚመረተው አኩሪ አተር ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል፤ ግን ጥሬውን ከተሰጠ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለበት ይጎዳል። መቆላት ወይም መቀቀል አለበት። ዝናባችን ብዙ፣ አየራችን እርጥብ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ሻጋታ ይይዛል፣ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ጉበትን ያቃጥላል። ከዚያ ወዲያ የዓለም ምርጥ ዘር ቢመጣም መኖውን ያባክነዋል። መሬት ላይ የተደፋው መኖም ዶሮው እንደበላው ተቆጥሮ በልወጣው ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ መመገቢያውን በዶሮው ጀርባ ልክ ከፍ ማድረግ ብቻ ብዙ ያድናል።

ሌላው የሚሸጥበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ክብደት የሚመጣው ከአንድ ኪሎ በማይበልጥ መኖ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ግን ወደ ሁለት ኪሎ መኖ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ይብሳል። የጥበቃው ሒሳብ ከዶሮው ክብደት ጋር እያደገ ስለሚሄድ ነው። በዐቢይ ጾም መሃል የደረሰ የሥጋ ዶሮ በአርቢው ቤት ተቀምጦ ትርፉን ይበላል። ሆቴሎችና የሙስሊም ደንበኞች ችግሩን ያቃልላሉ፤ ቢሆንም ጫጩት ከማዘዝ በፊት ከፋሲካና ከኢድ ወደ ኋላ ስድስት ሳምንት መቁጠር ከየትኛውም የዘር ምርጫ ያላነሰ ዋጋ አለው።

የተመጣጠነ መኖ በየጊዜው ማግኘት ለማይችል ሰው ፈጣኑን ዘር አልመክረውም። እንደ ሳሶና ኮይኮይክ ያሉት ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ ዶሮዎች የልወጣ ቁጥራቸው ብሮይለር ከሚባለው ፈጣን የሥጋ ዶሮ ከፍ ያለ፣ ማለትም የባሰ ነው፤ ነገር ግን መኖው ሲጎድል እንደ ብሮይለር አይወድቁም፣ ግቢ ውስጥ ጭረው ያገኙትን ይጨምሩበታል። ለወጥ የሚገዛ ደንበኛም ረዥም ጊዜ ሲሠራ የማይፈርስ ሥጋ ይፈልጋል።

የሐበሻ ዶሮስ? እ.ኤ.አ. በ2008 በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የተጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያ ሥራ ከወለጋ የመጣን ዘር በእድገት፣ በእንቁላልና በሕይወት መቆየት መርጦ በትውልድ ትውልድ አሻሽሎታል። ለመኖ ቆጣቢነት መምረጥ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እያንዳንዱ ዶሮ የበላውን ለብቻው መመዘን ይጠይቃልና። ጭሮ የሚበላ ዶሮ ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1952 በከተማችን ከተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት የሚነሣው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለዚህ ዓይነቱ ልኬት ምቹ ቦታ ነው፤ ሚዛን፣ ለእያንዳንዱ ዶሮ አንድ ጎጆ፣ የአባትና የእናት መዝገብ፣ ለጥቂት ሳምንታት ጠዋት ማታ የሚጽፍ ተማሪ ይበቃዋል። አርቢው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ደብተር የገባውን መኖ፣ የሞተውን ቁጥርና በየሳምንቱ የአሥር ዶሮዎችን ክብደት ቢጽፍ፣ በቀጣዩ ዙር የትኛው ጫጩት፣ ከየትኛው መኖ ጋር፣ በእሱ ቤት ስንት ልወጣ እንደሚሰጥ ከራሱ ቁጥር ያገኘዋል።